አራት ክር በጥር ፀሐይ፦ ዩኩሌሌ በአዲስ አበባ፣ ከጥር 5 እስከ 13

ጥር 5፣ ቦሌ

ከለንደን የተነሣው የሌሊት በረራ ማለዳ ላይ አረፈ። እንግዳዋ ሙዚቀኛ በትከሻዋ ያነገተችው ቴነር ዩኩሌሌ ነው፤ ዩኩሌሌ ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ነው፣ ቴነር ደግሞ ከመጠኖቹ አንዱ። ርዝመቱ 66 ሳንቲ ሜትር፣ ከነሳጥኑ ደግሞ 72 ያህል። የኢኮኖሚ ተሳፋሪ የእጅ ሻንጣ ልክ 55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 7 ኪሎ በመሆኑ ቴነር በሜትር ከተለካ አያልፍም። የሚያልፈው በሩ ላይ ባለው ሠራተኛ መልካም ፈቃድ ነው፤ ስለዚህ ቲኬት ሲቆረጥ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሲሳፈሩም ከፊተኞቹ ጋር መሰለፍ ይሻላል። የራስጌው መደርደሪያ ከሞላ በኋላ የገባ ሰው መሣሪያውን ለዕቃ ክፍል ያስረክባል። ካስረከበም ክሮቹን አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ማላላት ይበቃዋል። ጨርሶ የተፈታ ክር በማግስቱ እንደ አዲስ ክር ሲሳብና ሲወርድ ይውላል።

ለጉምሩክ የተዘጋጀችው አንድ ገጽ ወረቀት ሥራዋን ሠርታለች፦ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ቁጥር፣ ግምቱ፣ ተመልሶ እንደሚወጣ የሚገልጽ አንድ መስመር፣ ሁለት ቅጂ። ገመድ አልባ ማይክሮፎን ሆን ተብሎ ቀርቷል። ሬዲዮ አስተላላፊ ያለበት ዕቃ ፈቃድ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የስድስት ሜትር ገመድ ግን ማንም አይጠይቅበትም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላና ከባሕር ዳር የሚመጡ ዘፋኞች ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዩኩሌሌው ግን ከፍታ አይሰማውም። የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት ራሱ በ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ እንዳለ አየር ሆኖ ስለሚያዝ፣ እንጨቱ ሌሊቱን ሙሉ አዲስ አበባን ሲለማመድ ነው ያደረው ማለት ይቻላል። እንጨት የሚጎዳው በድርቀት ነው፣ ነገሩም የሚጀምረው ከዚያው ከአውሮፕላኑ ነው። የካቢኔ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ሳጥኑ ሆቴል እንደገባ ወዲያው አልተከፈተም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ሰዓት ያህል ተጠበቀ።

ጥር 6፣ ፒያሳ

የእርጥበት መለኪያው ጠዋት 44 በመቶ፣ ከሰዓት በኋላ 29 አለ። ለስስ እንጨት የሚመከረው ከ45 እስከ 55 ነው። የቴነሩ ፊት ከኮአ የተሠራ ነው። ኮአ ሃዋይ ላይ የሚበቅል የግራር ወገን ነው፤ ግራር መሆኑ ግን ከጥር ድርቀት አያድነውም፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነውና።

ድርቀት መግባቱን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው የአንገቱ ጠርዝ ነው። አውራ ጣትን በፍሬቶቹ (አንገቱን በሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) ዳር ከላይ ወደ ታች ሲያንሸራትቱ የብረቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ከያዘ እንጨቱ ተኮማትሯል፣ ብረቱ ግን ባለበት ነው። ቀጥሎ ፊቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ክሮቹ ወደ ፍሬት ይጠጋሉና መንጣጣት ይጀምራሉ። ሦስተኛው ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ከተደረሰ ሥራው የእንጨት ባለሙያ ነው።

መፍትሔው ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ የጋለ ምስማር። በክዳኑ ላይ ከ10 እስከ 12 ቀዳዳ ይበሳል፣ ስፖንጁ ተነክሮ ውኃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ይጨመቃል፣ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ አንገቱ በሚያርፍበት በኩል ይቀመጣል። በጥር በየሁለት ቀኑ ማርጠብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጭመቃው ነው፦ የሚንጠባጠብ ስፖንጅ ቫርኒሹን ያነጣዋል፣ ሙጫውንም ያላላዋል። ሌላው ስህተት መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ስፖንጁን ባዶ ሳጥን ውስጥ መተው ነው። ክረምት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፤ በሐምሌ እንጨቱ ያብጣል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ ጣት ይደክማል።

ከሰዓት በኋላ በሀገር ፍቅር ቴአትር በኩል ፒያሳ ተወጣ። ቴአትሩ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚታየው ትልቁ አዲስ ነገር በየካቲት 2016 የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። የፒያሳው ጉዞ ዓላማ ግን ክር ነበር። የዩኩሌሌ ክር ተብሎ የታሸገ አልተገኘም፣ ሊገኝም ብዙ ተስፋ አልተጣለበትም። የዩኩሌሌ አራት ክሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤ ይባላሉ፤ የክላሲካል ጊታር ናይለን ክር ካለ ሦስቱ ቀጫጭኖች ያድናሉ፦ አንደኛው (0.71 ሚሊ ሜትር) ለጂ፣ ሁለተኛው ለኢ፣ ሦስተኛው ለሲ። ለኤ ከእነዚህ የቀጠነ ይሻላል፤ 0.60 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ይተካዋል። የታሸጉት የጊታር ክሮች ላይ ውፍረቱ ስለሚጻፍ መለኪያ ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ የዓሣው ግን ጥቅሉ ላይ ያለው ቁጥር የሚሸከመውን ኪሎ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ውፍረቱን ማየት ግድ ነው። የብረት ክር ፈጽሞ አይታሰርበትም፤ ውጥረቱ ብሪጁን (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) ይነቅለዋል።

ጥር 7፣ ልምምድ በአራት ኪሎ

ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ አንድ ድምፃዊ፣ አንድ ዩኩሌሌ። እንግዳዋ እንደ ልማዷ ቲዩነሩን (የድምፅ ከፍታ የሚለካውን መቃኛ) አንገቱ ላይ ቆንጥጣ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ (ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ) ቃኘች፤ ኤ በትክክል 440 ሄርዝ። ከዚያ ሁሉም አብረው ሲመቱ ተጣሉ።

«እህቴ፣ እሱን ማሽን አጥፊና መጀመሪያ ድምፃዊውን ስሚው» አሏት ክራር ተጫዋቹ።

ተራው እንዲህ ነው። ድምፃዊው የሚመቸውን ከፍታ ያዜማል። ዋሽንት ነፊው ለዚያ የሚሆነውን ከቦርሳው ይመርጣል፤ የዋሽንት ድምፅ በአራቱ ቀዳዳዎችና በቁመቱ የተወሰነ በመሆኑ አይስተካከልም፣ ይለወጣል እንጂ፤ ለዚህ ነው ነፊ ሁሉ በርካታ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ክራሩ በዋሽንቱ ይቃኛል። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ስላለው የትም ይገባል። ዩኩሌሌው የመጨረሻ ነው። ቲዩነሩም ቢሆን ጥቅም አለው፤ የክራሩን ሲ ተቀብሎ መነሻው ከ440 ወደ 436 ወይም 444 ሊዞር ይችላል። ብዙዎቹ ተቆንጣጭ ቲዩነሮች ከ430 እስከ 450 ይፈቅዳሉ። የዋሽንቱ መነሻ ዲ ከሆነ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይታሰርና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሳይለወጥ ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ዩኩሌሌን ለኢትዮጵያ ዜማ ከጊታር የተሻለ ያደርገዋል። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። የዩኩሌሌ ልቅ ክሮች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ናቸው። ከአምስቱ ድምፅ አራቱ ሳይነኩ ተቀምጠዋል፤ የጎደለው ዲ ሲ ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ነው። አንድ ጣት ያለው ሰው ትዝታ ይጫወታል። ከዚህም በላይ የጂ ክር ከሲ ከፍ ብሎ የተቃኘ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ሲመታ ድምፁ ቀጭን፣ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን እያለ ይወጣል፤ እንደ ጊታር ከወፍራም ወደ ቀጭን ደረጃ አይወርድም።

ለሌሎቹ ቅኝቶች ክሩን እንደ ክራር ማንቀሳቀስ ነው። ትዝታ ማይነር፦ ኢ እና ኤ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ (ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት)፣ ዲ ባለበት ይቀራል። አምባሰል፦ ኢ ወደ ኤፍ ይወጣል፣ ኤ ወደ ኤ ፍላት ይወርዳል፣ ዲ ፍላት ሲ ክር ላይ አንደኛው ፍሬት ይሆናል። አንቺ ሆዬ፦ ጂ ወደ ጂ ፍላት ይወርዳል፣ ኢ ወደ ኤፍ ይወጣል፣ ኤ አይነካም፣ ዲ ፍላት እዚያው አንደኛው ፍሬት። ባቲ ሜጀር (ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ) ትንሽ ያስቸግራል፣ ልቅ ኤ በቅኝቱ ውስጥ የለምና። ኤን ወደ ቢ መሳብ ውጥረቱን ከሩብ በላይ ስለሚጨምር ክር ይበጥሳል። ይልቅ ወደ ጂ ይውረድ፤ ያኔ ኤፍ ኢ ክር ላይ አንደኛው ፍሬት፣ ቢ ደግሞ በወረደው ክር ላይ አራተኛው ፍሬት ነው።

ኢን ወደ ኤፍ ማውጣት ውጥረቱን 12 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጤነኛ ክር ይችለዋል። ናይለን ግን የነበረበትን አይረሳም። የተሳበ ክር ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይወርዳል፣ የወረደ ክር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ቅኝት የሚለወጠው በዜማ መካከል ሳይሆን ድምፃዊው ከሕዝቡ ጋር ሲያወራ ነው፤ ሁለተኛ ዩኩሌሌ ካለ ደግሞ አንዱ ለትዝታ፣ ሌላው ለአምባሰል ተቃኝቶ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ ከሻንጣዋ የወጣው የፕላስቲክ ሶፕራኖ (ከቴነር ያነሰ ዩኩሌሌ) ነው፤ ርካሽ ነው፣ አይደርቅም።

ከእንግዳዋ እጅ ለመውጣት ብዙ ሰዓት የፈጀው ኮርድ (ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ መምታት) ነው። በትዝታ ሜጀር ልቅ ክሮቹን አንድ ላይ መምታት ያምራል። በትዝታ ማይነር ቃኝቶ አራቱንም መምታት ግን ኤ ፍላትን መነሻ ያስመስለዋል፣ ዜማውም ከሥሩ ይነቀላል። በአንቺ ሆዬማ ማንኛውም ሙሉ ኮርድ ጩኸት ነው። መላው ከክራር ተወሰደ፦ ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት ገጽ ያፍናል፣ ቀኝ እጅ ሁሉንም ይመታል፣ የሚሰማው ሲ እና አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ። ለችክችካ ምት በ6/8 (በስድስት ቆጠራ) ጠቋሚ ጣት ወደ ታች በጥፍር፣ ወደ ላይ በሥጋ፤ አንደኛውና አራተኛው ይከብዳሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ክንድ ሳይሆን የእጅ አንጓ ይሥራ፣ ካልሆነ በሦስተኛው ዜማ ላይ ምቱ ይጎተታል።

ጥር 8

ልምምድ ለ4 ሰዓት ተቀጥሮ እንግዳዋ በስምንት ሰዓት ተኩል መጣች። የአገሯ ወኪል «4:00»ን ከሰዓት በኋላ አራት አድርጎ ጽፎላታል፤ ለእኛ 10 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እሷ እንኳ ቀድማ መድረሷ ነበር። ውል ላይ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 10» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። ቀኑም እንዲሁ፤ ጥር 8 እና ጃንዋሪ 8 መካከል ስምንት ቀን አለ።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር አንድ የሚያስቅ ገጠመኝ ይዟል። ከማዴራ ደሴት የተነሡ ፖርቱጋላውያን ማቼቴ የተባለችውን ትንሽ ጊታር ይዘው ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ የደረሱት በአውሮፓውያን ነሐሴ (ኦገስት) 23 ቀን 1879 ነው፤ ዩኩሌሌ የተወለደው ከዚያች መሣሪያ ነው። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ዩኩሌሌው በሰባት ዓመት ይበልጣታል።

ጥር 9፣ መድረክ

አዳራሹ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ አይርቅም፤ 200 ሰው ይይዛል። ሁሉም ሰው ቀጠሮውን የያዘው እንደተለመደው አንበሳው ሐውልት ጋ ነው። ቴአትሩ በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የቆመው ያ አንበሳ እስካሁን የከተማው መሃል ምልክት ነው።

የድምፅ ሙከራው በ10 ሰዓት ጀመረ። የመጀመሪያው ችግር ዩኩሌሌው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ማለቱ ነበር። ምክንያቱ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ነው። በብሪጁ ሥር ያለው ፒኤዞ የሚባለው ፒክአፕ ባትሪ የሌለው ዓይነት ከሆነ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ግቤት ይፈልጋል። ሚክሰር ላይ ያለው የላይን ግቤት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ሺዎች ኦም ብቻ ነው፤ በቀጥታ ሲሰካ ወፍራሙ ድምፅ ተበልቶ ጭረቱ ብቻ ይቀራል። በመካከል ፕሪአምፕ ወይም ለፒኤዞ የተሠራ ዲአይ ቦክስ (የመሣሪያውን ምልክት ለሚክሰር የሚያመቻች ሳጥን) ገባ፤ ድምፁ ተመለሰ። ዲአይ ቦክስ በሌለበት ኮንደንሰር ማይክ አንገቱ ከሰውነቱ ወደሚገናኝበት ቦታ ዞሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል። ቀዳዳው ፊት ከቆመ ይጎረብጣል።

ሁለተኛው ፊድባክ (የማጉያው ድምፅ ተመልሶ እየገባ መጮኹ) ነበር። ሳውንድ ማኑ መጀመሪያ ድምፁን ቀነሰ፤ የተሻለው ግን ከ180 ሄርዝ በታች ያለውን ሁሉ መቁረጥ ነው። የዩኩሌሌ ዝቅተኛ ድምፅ ሲ 261 ሄርዝ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚያልፈው የእግር ርምጃና የከበሮ ንዝረት ብቻ ነው። አሁንም ከጮኸ ከ200 እስከ 400 ባለው መካከል የሚጮኸውን ጠባብ ቦታ ፈልጎ ጥቂት ዴሲቤል መቀነስ፣ ሞኒተሩንም (ወደ ተጫዋቹ የዞረውን ማጉያ) ከቀዳዳው ፊት ማንሳት።

ሦስተኛው ዝምዝምታ። 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፤ አንዱ ማከፋፈያ ምድር አልነበረውም። የዲአይ ቦክሱ ግራውንድ ሊፍት (የምልክት ገመዱን ምድር የሚያላቅቀው ማብሪያ) ሲጫን ጠፋ። የሶኬቱን የምድር እግር በፒንሳ ቆርጦ ዝምዝምታን ማጥፋት አንዳንድ ቦታ ይታያል። ማይክሮፎን ከከንፈር ጋር የሚነካ መሆኑን ረስተውት ካልሆነ በስተቀር እንዴት እንደሚያደርጉት አይገባም።

በሁለተኛው ክፍል፣ አምባሰል ሊጀመር ሲል፣ መብራት ሄደ። በዚህ ጊዜ ሥራው ያለው ሳውንድ ማኑ ጋ ነው፦ ማስተሩን (ዋናውን የድምፅ መጠን) ዝቅ፣ የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ማጥፋት፣ ከዚያ ብቻ ጄኔሬተር። አምፕ እንደበራ ኃይል ሲመለስ የሚመታው ጓታ የድምፅ ማጉያውን ሾጣጣ ወረቀት ይቀደዋል። ሲበራ ሚክሰር ይቀድማል አምፕ ይከተላል፤ ሲጠፋ ተቃራኒው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በነበሩት ሰባት ደቂቃዎች ተጫዋቾቹ ወንበራቸውን ወደ መድረኩ ጠርዝ አቅርበው በእጅ ስልክ ብርሃን ቀጠሉ። ለ200 ሰው ክራርና ዩኩሌሌ ያለ ማጉያ ይበቃሉ፣ ሕዝቡ ካላጨበጨበ። አጨበጨበ።

ከመድረክ መብራት ሥር ናይለን ይሞቃል፣ ይወርዳል። መሣሪያው ከመጀመሩ 20 ደቂቃ በፊት መብራቱ ሥር ተቀምጦ ከዚያ ቢቃኝ ይህ ግማሹ ይቀራል።

ጥር 10 እና 11

ከተራና ጥምቀት። ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ በኩል መኪና አያልፍም፤ በእነዚህ ቀናት ሥራ መቅጠር የሰውን ጊዜ ማባከን ነው። ዩኩሌሌው ሆቴል ቀረ። ስፖንጁ ተነከረ። እንግዳዋ ከወጣቶቹ ኋላ ሆና በጭብጨባ ስትከተል ዋለች፤ ልምምድ ላይ የከበዳት የ6/8 ምት እግሯ ውስጥ የገባው እዚያ ነው።

ጥር 12፣ አዝማሪ ቤት

የሚካኤል ታቦት እስኪገባ አንዳንድ መንገድ እንደተዘጋ ነበርና በእግር ተሄደ። ከዚያ በፊት ክትፎ ተበልቷል። የቅቤ ጣት ናይለን ክር ላይ ሲያርፍ ክሩን ያደነዝዘዋል፣ ስለዚህ በሳሙና መታጠብ፣ ክሩንም በደረቅ ጨርቅ መወልወል።

አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳ ሙዚቀኛ የሚሳሳተው ዜማውን ለማሳመር ሲሞክር ነው። እዚያ የሚሰማው ግጥም ነው። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሰሙና ወርቁ ሲገባ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በዚህ መካከል የዩኩሌሌ ድርሻ ሲ እና ጂን ብቻ ይዞ ምቱን መጠበቅ፣ ስንኝ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ሹክሹክታ መውረድ ነው። ሁለት ክር አፍኖ ሁለት መምታት። አማርኛ የማይሰማ ሰው መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው ከማሲንቆው ነው፤ ቀስቱ ወደ ጫፉ ሲያጥር ስንኝ መጥቷል። ሽልማት ግንባር ላይ ሲለጠፍ መጫወት አይቆምም፣ ብሩም ዜማው እስኪያልቅ አይነሣም። በዩኩሌሌው ክሮች መካከል የተሰካ መቶ ብር ግን ኤ ክርን ያፍናል፤ በትህትና ወደ ኪስ።

ጥር 13፣ ቸርችል ጎዳናና ቦሌ

የመጨረሻው ጠዋት ለክራር ግዢ ዋለ። በቸርችል ዳር ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ክራር ይደረድራሉ፤ አብዛኛው ለግድግዳ ነው። ለመጫወት የሚሆነውን መለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀንበሩን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሞከር፤ ከምሰሶዎቹ ጋር በተያያዘበት ቦታ ከተንቀሳቀሰ ይቅር። የገበቴውን ቆዳ በአውራ ጣት መጫን፤ ከበሮ ካልመሰለ ልል ነው። ጀርባውን በብርሃን ላይ ይዞ ስንጥቅ መፈለግ። ስድስቱን ክሮች በትዝታ ቃኝቶ ከሻጩ ጋር ዋጋ እየተነጋገሩ አሥር ደቂቃ መጠበቅ፤ ሁለት ክር ከወረደ ቀንበሩ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ይቀየርልኝ ይባላል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ ሌላ ይታያል። ፀጉሩ ያልተነሣ ቆዳ የተወጠረበት ለዓይን ያምራል፣ ነገር ግን ድንበር ላይ ሊያዝ ስለሚችል ፀጉር አልባ ተመረጠ።

ለጉዞ የክራሩ ክሮች በግማሽ ላሉ፣ በርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው በላይ የሚይዘው እንጨት) ወጥቶ በካልሲ ተጠቀለለ፣ ገበቴው በነጠላ ተሞልቶ ከሻንጣው መሃል ገባ። ዩኩሌሌው ወደ መደበኛው ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተመለሰ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የከረመው ኢ ክር ፍሬቶቹ በሚነኩበት በኩል ስለጠፈጠፈ በጊታሩ ሁለተኛ ክር ተተካ። ስፖንጁ ለአውሮፕላኑ አንዴ እንደገና ተነክሮ ተጨመቀ። ቦሌ ፍተሻ ላይ ባለ ቀዳዳ የሳሙና ማስቀመጫውን ከፍተው አዩት፣ አሸተቱት፣ መለሱት።